ጉናር አስፕሉንድ፡ ከጥንቱ ዓምድ ወደ ዘመኑ መስታወት የተሻገረው ስዊድናዊ አርክቴክት

ኤሪክ ጉናር አስፕሉንድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሡት የሰሜን አውሮፓ አርክቴክቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። ስሙ ከሁሉ በላይ ከሁለት ሥራዎች ጋር ተያይዞ ይነሣል። አንደኛው በ1928 የተከፈተው የስቶክሆልም ከተማ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሩብ ክፍለ ዘመን የደከመበት፣ በከተማዋ ደቡብ በጥድ ዛፎች መካከል የሚገኘው የስኩግስሺርኮጎርደን የመቃብር ሥፍራ ነው። አንዱ ለሕያዋን፣ ሌላው ለሙታንና ለሐዘንተኞች የተሠራ ቢሆንም ሁለቱም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ናቸው። ተራው የከተማ ነዋሪ በሕዝብ ገንዘብ ከሚሠራ ሕንፃ ምን ዓይነት ክብር ማግኘት አለበት?

አስፕሉንድ ይህንን ጥያቄ በመጀመሪያ የመለሰው በጥንታዊት ግሪክና ሮም የሕንፃ ቋንቋ ነበር። በኋላ ግን ያንን ቋንቋ ትቶ ከዘመናዊዎቹ ጋር ተሰለፈ። ለውጡ ወዳጅም ጠላትም አፍርቶለታል። ጥንቱን ከዳ ወይስ አዲስ ልብስ አለበሰው የሚለው ክርክር ከሞተ በኋላም አልበረደም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

አስፕሉንድ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1885 በስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ መሆን የፈለገው ሠዓሊ ነበር፤ አባት ግን በዚህ አልተስማሙም። በመሆኑም ሥዕልንና እንጀራን ሊያስታርቅ ወደሚችለው ሙያ፣ ወደ ሥነ ሕንፃ አዘነበለ። ከ1905 እስከ 1909 በስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ተማረ።

በዚያን ጊዜ አንድ የስዊድን አርክቴክት ከተቋሙ ሲወጣ ትምህርቱን የሚቀጥለው በንጉሣዊው የጥበባት አካዳሚ ነበር። አስፕሉንድና ጥቂት ጓደኞቹ ግን የአካዳሚው ትምህርት ያረጀና የደረቀ ነው ብለው አልተቀበሉትም። በ1910 ክላራ ትምህርት ቤት የተባለውን የራሳቸውን ነፃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ መምህራኑንም የመረጡት ራሳቸው ነበሩ። ከመምህራኑ መካከል በኋላ የስቶክሆልምን የከተማ አዳራሽ የሠራው ራግናር ኦስትበርግ፣ ካርል ቬስትማን፣ ካርል በርግስቴንና ኢቫር ቴንግቦም ይገኙበታል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሲጉርድ ሌቨሬንትስ ነበር። በአንድ ዓመት የተወለዱት አስፕሉንድና ሌቨሬንትስ ባልንጀርነታቸው የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። ፍጻሜው ግን፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ እንደ አጀማመሩ አላማረም።

እነ ኦስትበርግ ብሔራዊ ሮማንቲሲዝም የሚባለው ስልት ተከታዮች ነበሩ። ይህ ስልት ጡብን፣ ጥርብ ድንጋይንና እንጨትን በመጠቀም የስዊድንን የጥንት ቤተ መንግሥትና የገጠር ቤት የሚያስታውስ ሕንፃ መሥራትን ይመርጣል። አስፕሉንድ ለቁሳቁስ ጠባይና ለእጅ ሥራ ጥራት ያለውን አክብሮት ያገኘው ከእነዚህ መምህራን ነው። በስልቱ ግን ብዙም አልቆየም።

የጣሊያን ጉዞ

በ1913 አስፕሉንድ ወደ ደቡብ አውሮፓ ጉዞ ጀመረ። በፈረንሳይ በኩል ወደ ጣሊያን ዘልቆ ሮምን፣ ፖምፔይንና የሲሲሊን ደሴት አየ፤ ባሕር ተሻግሮም እስከ ቱኒስ ደረሰ። እስከ 1914 በቆየው በዚህ ጉዞ የጥንት ቤተ መቅደሶችን ፍርስራሽ፣ የመቃብር መንገዶችንና ተራ የመንደር አደባባዮችን በማስታወሻው ላይ እየነደፈ ይዞ ተመለሰ።

ልብ ሊባል የሚገባው የሣበው የዓምዱ ጌጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቤተ መቅደሱ በተራራው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ሰው በየትኛው መንገድ ወደ እሱ እንደሚወጣ፣ ግድግዳው የት ቆሞ ሰማዩ ከየት እንደሚጀምር ይመለከት ነበር። በተለይ የደቡቡ ሰማይ ከራስ በላይ እንደተዘረጋ ትልቅ ጣሪያ ሆኖ ታየው። ይህ ስሜት ወደ በኋላ በሲኒማ ቤቱም፣ በቤተ መጻሕፍቱም፣ በመቃብሩም ተመልሶ ይመጣል።

ኖርዲክ ክላሲሲዝም ምንድን ነው?

የጥንት ግሪክንና ሮምን አርአያ አድርጎ መሥራት ለስዊድን አዲስ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ ዘመን፣ ኒዮክላሲካል ስልት በአገሪቱ ሰፍኖ ነበር። ከ1910 እስከ 1930 ባለው ጊዜ በስዊድን፣ በዴንማርክ፣ በፊንላንድና በኖርዌይ ያ ስልት እንደገና ነፍስ ዘራ። ይህንን ሁለተኛ ዘመን ነው የታሪክ ጸሐፊዎች ኖርዲክ ክላሲሲዝም የሚሉት።

የሁለተኛው ዘመን ሥራ ከመጀመሪያው የሚለየው በቁጥብነቱ ነው። ዓምዱ ቀጭን፣ ግድግዳው ልሙጥ፣ ጌጡ በጣም ጥቂት ነው። ከእብነ በረድ ይልቅ ልስንና እንጨት ያዘወትራል። ለነገሥታት ቤተ መንግሥት ሳይሆን ለትምህርት ቤት፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሲኒማና ለሠራተኛው መኖሪያ የዋለ ክላሲሲዝም ነበር። አስፕሉንድ ራሱ በ1917 በስቶክሆልም በተካሄደው የመኖሪያ ቤት ዐውደ ርእይ ላይ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሆን፣ ማብሰያውና መኖሪያው አንድ ላይ የሆነ ክፍል አቅርቧል። ከ1917 እስከ 1920 ደግሞ የአገሪቱን የሥነ ሕንፃ መጽሔት በአርታኢነት መርቷል።

የጫካው ጸሎት ቤት

የስቶክሆልም ከተማ ለአዲስ የመቃብር ሥፍራ ዓለም አቀፍ ውድድር አውጥታ በ1915 አስፕሉንድና ሌቨሬንትስ በጋራ አሸነፉ። ቦታው 100 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፣ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረና ጥድ የበቀለበት መሬት ነው። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችንና ሐውልቶችን ሲያቅዱ ሁለቱ ወጣቶች ግን ጫካውን እንዳለ ይዘው መቃብሮቹን በዛፎቹ መካከል አሰማሩ። ዛፉ ዋናው፣ ድንጋዩ ተከታይ ሆነ። የሀብታም መቃብር የድሃውን እንዳይውጠው የመቃብር ድንጋዮች መጠን ዝቅተኛ እንዲሆን ተደረገ።

በቦታው የመጀመሪያው ሕንፃ በ1920 የተጠናቀቀው የአስፕሉንድ የጫካ ጸሎት ቤት ነው። መነሻ ሐሳቡን ያገኘው በዴንማርክ ሞን ደሴት ከሚገኘው ሊሰሉንድ ከተባለ ባለ ሣር ክዳን የገጠር ቤት እንደሆነ ይታወቃል። በውጭ ሲታይ ትልቅና ጠቆር ያለ የእንጨት ክዳን በነጫጭ ዓምዶች ላይ ያረፈበት ጎጆ ይመስላል። ክዳኑ ላይ በቀራፂው ካርል ሚለስ የተሠራች፣ ወርቅ የተቀባች ትንሽ የሞት መልአክ ተቀምጣለች። ሐዘንተኛው በዝቅተኛው በረንዳ ሥር አልፎ ሲገባ ግን ያልጠበቀውን ያገኛል፤ ከጣሪያው አናት ብርሃን የሚፈስበት ነጭ ጉልላት። ወደ ጸሎት ቤቱ በሚያስገባው በር ላይ፣ ዛሬ የእኔ ነገ የአንተ ተራ ነው የሚል ትርጉም ያለው የቆየ የላቲን አባባል ተጽፏል። ጎጆና ቤተ መቅደስ በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙበት ይህ ሕንፃ አስፕሉንድን ከስልቱ ተከታዮች ሁሉ ለይቶ አሳወቀው።

ፍርድ ቤትና ሲኒማ

በዚያው ጊዜ በደቡብ ስዊድን በሶልቨስቦርይ ከተማ የሊስተር ወረዳ ፍርድ ቤትን ሠራ። በ1921 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ከባቡር ጣቢያው የሚመጣው ጎዳና መጨረሻ ላይ ቆሟል። ከፊት ለፊት ሲታይ ሦስት ማዕዘን አናት ያለው ቀላል ቤት ነው። ችሎቱ የሚያስችልበት አዳራሽ ግን ክብ ሲሆን ከኋላ በኩል ከግድግዳው አልፎ ጎልቶ ይታያል። በክብ አዳራሽ ውስጥ ዳኛውም ተከራካሪውም ታዳሚውም ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል።

በ1923 የተከፈተው የስካንዲያ ሲኒማ ደግሞ በስቶክሆልም መሀል በነባር ሕንፃ ውስጥ የተሠራ ነው። አስፕሉንድ ጣሪያውን እንደ ሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ ቀባው፤ መብራቶችንም አንጠለጠለበት። ፊልም ለማየት ሳንቲም ከፍሎ የገባው ሰው በደቡብ አገር ምሽት አደባባይ ላይ የተቀመጠ እንዲመስለው ነበር ሐሳቡ።

የስቶክሆልም ከተማ ቤተ መጻሕፍት

ስቶክሆልም ለረጅም ጊዜ የሚገባት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አልነበራትም። የክኑትና አሊስ ቫለንበርግ ፋውንዴሽን ለግንባታው ከፍተኛ ገንዘብ ሲለግስ ሥራው ተጀመረ። አስፕሉንድ መጀመሪያ የተጠራው ውድድሩን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሙያዊ እገዛ እንዲሰጥ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሥራው ለራሱ ተሰጠው። በ1920 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የዚያን አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሠራር አጠና።

ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ዋነኛ ትምህርት ክፍት መደርደሪያ ነው። በተለመደው አሠራር አንባቢው የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ከመጋዘን ያመጣለታል። ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ የማያውቅ ሰው በዚህ አሠራር አይጠቀምም። በክፍት መደርደሪያ ግን አንባቢው ራሱ በመጻሕፍቱ መካከል እየተዘዋወረ ያገላብጣል፣ ይመርጣል። ስዊድን ውስጥ ይህንን አሠራር በዚህ ስፋት ተግባራዊ ካደረጉት ሕንፃዎች ቀዳሚው የአስፕሉንድ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

የሕንፃው ቅርጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፤ በሣጥን መካከል የቆመ ሲሊንደር። በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ላይ መሀሉ በጉልላት የተከደነ ሲሆን በረንዳውም ዓምዶች ነበሩት። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ዓምዶቹ ወደቁ፣ ጉልላቱም ቀርቶ በምትኩ ልሙጥና ረጅም ሲሊንደር ቆመ። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚህን ምንጭ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ አርክቴክት ክሎድ ኒኮላ ለዱ በፓሪስ ላቪሌት በር ላይ ከሠራው ክብ ሕንፃ ጋር ያያይዙታል።

ወደ ውስጥ መግባቱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። አንባቢው ከመንገዱ ሰፊ ደረጃ ወጥቶ በረጅሙ በር ያልፋል። የበሩ እጀታዎች ቀራፂው ኒልስ ሾግሬን የሠራቸው አዳምና ሔዋን ናቸው፤ ከዕውቀት ዛፍ ፍሬ የቀመሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወደ ዕውቀት ቤት የሚገባውን ይቀበላሉ። ቀጥሎ የሚገኘው መተላለፊያ ጥቁር ግድግዳ ያለው ሲሆን ግድግዳው ላይ ኢቫር ዮንሶን ከሆሜር ኢሊያድ የወሰዳቸው ቅርጾች ይታያሉ። ከዚህ ደብዛዛ ክፍል ጠባብ ደረጃ በቀጥታ ወደ ላይ ይወስዳል። አንባቢው ደረጃውን ጨርሶ ቀና ሲል በክቡ አዳራሽ መካከል ራሱን ያገኛል። ዙሪያውን በሦስት እርከን መጻሕፍት ከበውታል፤ ከመጻሕፍቱ በላይ ደመና የመሰለ ነጭ ግድግዳ፣ ከዚያም በላይ ብርሃን የሚያስገቡ ረጃጅም መስኮቶች አሉ።

የዚህ አዳራሽ ፋይዳ ከውበቱ ያልፋል። በጥንት ዘመን እንዲህ ያለ ክብ አዳራሽ ለአማልክት ወይም ለንጉሥ የሚሠራ ነበር። አስፕሉንድ በዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው መጽሐፍ የሚያዋሰውን ሠራተኛና መጽሐፍ ሊዋስ የመጣውን የሰፈር ነዋሪ ነው። ሕፃናትም አልተረሱም፤ ለተረት ማዳመጫ በተዘጋጀላቸው ክፍል ሠዓሊው ኒልስ ዳርዴል የግድግዳ ሥዕል ሠርቶላቸዋል።

የ1930ው ዐውደ ርእይ

ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተ በሁለት ዓመቱ አስፕሉንድ ብዙዎችን ያስደነገጠ ሥራ ይዞ ብቅ አለ። በ1930 የበጋ ወራት በተካሄደው የስቶክሆልም ዐውደ ርእይ ዋና አርክቴክት እሱ ነበር፤ የዐውደ ርእዩ ኃላፊ ደግሞ ግሬጎር ፖልሶን። በውኃ ዳር የተሠሩት ድንኳኖችና ምግብ ቤቶች ቀጫጭን የብረት ምሰሶ፣ ሰፋፊ መስታወትና የሚውለበለቡ ባንዲራዎች እንጂ አንድም የጥንት ዓምድ አልነበራቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ተመለከታቸው። ስዊድን ፉንክሽናሊዝም የሚባለውን ዘመናዊ ስልት በይፋ የተቀበለችው ከዚህ በኋላ ነው ይባላል።

በተከታዩ ዓመት አስፕሉንድ፣ ፖልሶንና ሌሎች አራት ባለሙያዎች ተቀበሉ የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጡትን መጽሐፍ አሳተሙ። ዘመኑን እንዳለ ተቀብለን ለዘመኑ ኑሮ የሚሆን ቤት እንሥራ የሚል ነበር መልእክቱ። የእጅ ሥራ ባህልን የሚወዱት ወገኖች፣ በተለይም የቤት ዕቃ ዲዛይነሩ ካርል ማልምስተን፣ አጥብቀው ተቃወሙ። አስፕሉንድ በዚያው በ1931 በተማረበት የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተማረ።

የጎተንበርግ ውዝግብ

የአስፕሉንድን የለውጥ ጉዞ በአንድ ሕንፃ ላይ ማየት ለሚፈልግ የጎተንበርግ ፍርድ ቤት ማስፋፊያ ይበቃዋል። ውድድሩን ያሸነፈው በ1913 ነው፤ ሥራው የተጠናቀቀው ግን በ1930ዎቹ አጋማሽ አልፎ ነው። በመካከሉ ከተማው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ንድፉም ተለወጠ። የመጀመሪያው ብሔራዊ ሮማንቲክ፣ ቀጥሎ የመጣው ክላሲካል፣ የመጨረሻው ዘመናዊ ነበር።

ችግሩ ነባሩ ሕንፃ መነሻው 17ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ፣ በከተማዋ ዋና አደባባይ ላይ ያለ ክላሲካል ሕንፃ መሆኑ ነው። ማስፋፊያው አሮጌውን ይምሰል ወይስ አይምሰል? አስፕሉንድ በመጨረሻ የመረጠው መካከለኛ መንገድ ነው። የነባሩን ቁመትና የቀለም ዓይነት ጠበቀ፤ ዓምዶቹን ግን አልቀዳም። በምትኩ የሕንፃውን አጥንት በውጭ ግድግዳ ላይ እንደ ፍርግርግ አሳየ፤ መስኮቶቹንም ከየፍርግርጉ መሀል ይልቅ ወደ ነባሩ ሕንፃ አቅጣጫ ሳብ አድርጎ አስቀመጠ። የከተማዋ ነዋሪዎችና ጋዜጦች ቁጣቸውን አወረዱበት።

ውስጡን ያዩ ግን ሌላ ነገር አገኙ። በእንጨት የተለበጠ ሞቃት አዳራሽ በትልቅ መስታወት ከነባሩ ግቢ ጋር ይተያያል። ደረጃው በጣም ዝግ ያለ ስለሆነ ሰው ሊቸኩልበት አይችልም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም፤ ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው ልቡ እየመታ ነውና ሕንፃው ሊያረጋጋው እንጂ ሊያስፈራራው አይገባም የሚል እምነት ነበረው። ዛሬ ይህ ማስፋፊያ አሮጌና አዲስ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ለማስተማር በየአገሩ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል።

የተበላሸው ወዳጅነት

በ1930ዎቹ አጋማሽ በስኩግስሺርኮጎርደን ዋናው የአስከሬን ማቃጠያና የጸሎት ቤቶች ሥራ ሊጀመር ሲል የመቃብሩ አስተዳደር ሌቨሬንትስን አሰናብቶ ሥራውን ለአስፕሉንድ ብቻ ሰጠ። ሌቨሬንትስ ሥራ ያዘገያል፣ አስቸጋሪ ነው የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። አስፕሉንድ ሥራውን ብቻውን ተቀበለ። ለ20 ዓመታት አብረው የለፉት ጓደኛሞች በዚሁ ተለያዩ። ሌቨሬንትስ ለዓመታት ከአርክቴክትነት ራቅ ብሎ የብረት በርና መስኮት ማምረቻ ሲያካሂድ ቆየ። በእርጅናው በብዮርክሃገንና በክሊፓን የሠራቸው የጡብ አብያተ ክርስቲያናት ታላቅ ዝና ያተረፉለት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የመቃብሩን ምድር አቀማመጥና በ1925 የተጠናቀቀውን የትንሣኤ ጸሎት ቤት ያየ ሰው የሌቨሬንትስ ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ አይስተውም። ስለዚህ ይህንን ቦታ የአስፕሉንድ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ፍትሐዊ አይሆንም።

የመጨረሻው ሥራ

በ1940 የተጠናቀቁት ሕንፃዎች እምነት፣ ተስፋና ቅዱስ መስቀል የሚባሉ ሦስት የጸሎት ቤቶች ናቸው። ከዋናው መግቢያ የሚነሣው መንገድ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። በስተግራ ዝቅተኛ ግድግዳና ጸሎት ቤቶቹ፣ ፊት ለፊት ለብቻው የቆመ ትልቅ የግራናይት መስቀል፣ በስተቀኝ ዛፎች የተተከሉበት ኮረብታ ይታያል። ጫፍ ላይ በአራት ማዕዘን ምሰሶዎች የቆመ ክፍት አዳራሽ አለ። ምሰሶዎቹ ጌጥ የላቸውም፤ ነገር ግን የግሪክን ቤተ መቅደስ ለሚያውቅ ዘመዳቸው አይጠፋውም። አስፕሉንድ በ1930 የጣለው የመሰለው ጥንታዊ ቋንቋ እዚህ ላይ ተጠርቦና ተገርቶ ተመልሷል።

ለሐዘንተኛው የተደረገው ጥንቃቄ በዝርዝሩ ይታያል። አንዱ ቀብር ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ እያንዳንዱ ጸሎት ቤት የራሱ ማረፊያ ክፍልና ትንሽ የአትክልት ቦታ አለው። በቅዱስ መስቀል ጸሎት ቤት ወለሉ አስከሬኑ ወዳረፈበት ቦታ በቀስታ ያዘነብላል። በመግቢያው ያለው የብረትና የመስታወት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት ሊወርድ ስለሚችል፣ ቀብሩ ብዙ ሕዝብ ያለው ሲሆን ጸሎት ቤቱና ክፍቱ አዳራሽ አንድ ይሆናሉ።

አስፕሉንድ ይህ ሥራ በተጠናቀቀበት ዓመት፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1940 በ55 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩም እዚያው በሠራው ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፤ ሥራው ሕያው ነው ይላል።

ያወረሰው

የፊንላንዱ አልቫር አልቶ የአስፕሉንድ ወዳጅና አድናቂ ነበር፤ በቪፑሪ የሠራው ቤተ መጻሕፍት የስቶክሆልሙን ቤተ መጻሕፍት አሻራ ይዟል። የዴንማርኩ አርነ ያኮብሰንም ከእሱ ብዙ ቀስሟል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የክላሲካል ሥራዎቹ ወደ ጎን ተገፍተው ነበር። ሆኖም በ1980ዎቹ በዘመናዊው ስልት የተሰላቸው ትውልድ መልሶ አነሣቸው፤ በ1982 በሄልሲንኪ ስለ ኖርዲክ ክላሲሲዝም የተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ለዚህ አንድ ማሳያ ነው። በ1994 ዩኔስኮ ስኩግስሺርኮጎርደንን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ1990 ያረፈችው ዝነኛዋ የፊልም ተዋናይት ግሬታ ጋርቦ አመድም በ1999 እዚሁ አርፏል።

ቤተ መጻሕፍቱ በበኩሉ በ2000ዎቹ ሌላ ክርክር አስነሥቷል። ከተማው ለማስፋፋት ባወጣው ዓለም አቀፍ ውድድር ከአንድ ሺህ በላይ ንድፎች ቀርበው በ2007 ጀርመናዊቷ አርክቴክት ሃይከ ሃናዳ አሸነፈች። ዕቅዱ በአጠገቡ ያሉ ነባር ሕንፃዎች እንዲፈርሱ የሚጠይቅ በመሆኑ ከባለሙያዎችና ከነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው፤ በ2009ም ተሠረዘ። በአንድ ወቅት በጎተንበርግ አሮጌውን አበላሸ ተብሎ የተወቀሰው ሰው ሥራ ራሱ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኖ ተገኘ።

ከአስፕሉንድ ሕይወት የሚወሰደው ዋና ቁም ነገር የትኛው ስልት ይበልጣል የሚለው አይደለም። ዓምድ ሲያቆምም፣ ዓምድ ሲያነሣም መጀመሪያ የጠየቀው በሕንፃው ውስጥ የሚያልፈው ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። ሊያነብ የመጣው፣ ሊከሰስ የመጣው፣ ሊቀብር የመጣው የየራሱ መንገድ፣ የየራሱ ብርሃንና የየራሱ እርምጃ አለው። በየከተማው በፍጥነት ሕንፃ በሚቆምበት በዚህ ዘመን፣ የፊት ገጽታው ብቻ ሳይሆን ይህም ጥያቄ መነሣቱ ለአሠሪውም ለሠሪውም ይጠቅማል።